የጥንታዊ አብያተ መንግሥታት የመናፍስት ወግና በሕያዋን ላይ ያሳረፈው ጥላ

በአገራችን የነገሥታትና የመኳንንት መኖሪያ የነበሩ ጥንታዊ ሕንጻዎች ዛሬ ለልዩ ልዩ ሕዝባዊ አገልግሎት በመዋል ላይ ይገኛሉ። ገሚሶቹ ሙዚየም ሆነዋል፤ ገሚሶቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የስብሰባ አዳራሽ ናቸው፤ በግቢያቸው የበዓል፣ የሠርግና የምረቃ ዝግጅት የሚካሄድባቸውም አሉ። ሕንጻዎቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሸጋገሩ የሚወረሰው ግን ግንቡና ጣሪያው ብቻ አይደለም። "ሌሊት ኮቴ ይሰማበታል"፣ "ያ ክፍል አይታደርበትም"፣ "ከመሸ በኋላ መንፈስ ይመላለስበታል" የሚለው ወግም አብሮ ይወረሳል።

ይህ ዓይነቱ ወግ የሥነ ቃል አካል እንደመሆኑ መጠን ሊጠናና ሊጠበቅ የሚገባው የሕዝብ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ወጉ ሁልጊዜ ጉዳት የሌለው ጨዋታ ሆኖ አልቆየም። በተለያዩ ዘመናት በአካባቢው ይኖሩ በነበሩ ሰዎች ላይ ጥርጣሬን፣ ስድብንና መገለልን ያስከተለበት አጋጣሚ በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል። በመሆኑም ቅርሶችን የሚያስተዳድሩ፣ የሚያስጎበኙና ለዝግጅት የሚፈቅዱ አካላት የወጉን ምንጭ ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል።

በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎንደርና በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች፣ ለማይታዩ ኃይሎች የተሰጡት ስሞች ብዙ ናቸው። አድባር የአካባቢ ጠባቂ ተደርጎ የሚታሰብ ሲሆን መኖሪያውም ትልቅ ዛፍ ወይም ኮረብታ ነው ይባላል። ቆሌና ውቃቢ ከሰውና ከቤተሰብ ጋር የተቆራኙ፣ ዛር ደግሞ በሰው ላይ ሰፍሮ የሚያናግር መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል። በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድም ስለ ጅን የሚነገረው ተመሳሳይ ሥፍራ አለው። ልጆች በቀትር ወንዝ ዳር እንዳይውሉ፣ አመድ መድፊያ ላይ እንዳይቆሙ የሚከለከሉትም "ይለክፋችኋል" በሚል ስጋት ነው።

በአውሮፓ አገሮች በሚነገሩ ተረቶች በአሮጌ ቤት ውስጥ የሚታየው መንፈስ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የሚታወቅ ሟች ነው። በአገራችን የሚነገረው ግን ከዚህ ይለያል። ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ወደተመደበላት ሥፍራ እንደምትሄድ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ፍትሐቱና የአርባ ቀኑ ተዝካርም የሚደረጉት ነፍስ ምሕረት እንድታገኝ ነው። ስለሆነም ታየ የሚባለው ነገር የሟቹ ነፍስ ሳይሆን መልኩን የያዘ ርኩስ መንፈስ ነው የሚለው እምነት ያመዝናል። ሰው ያልኖረበት ወና ቤትና ሟች በወጉ ያልተቀበረበት ቦታ ከሁሉም በላይ የሚፈሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን እምነት ከአንድ ቤተ መንግሥት ታሪክ ጋር አገናዝቦ ለመመልከት ጎንደር የተሻለ ማስረጃ ያላት ከተማ ናት። አጼ ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ በነገሡበት ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ ሆና ቆይታለች። ፋሲል ግቢ በመባል የሚታወቀውና 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበው ሥፍራ በየዘመኑ የነገሡ ነገሥታት ያሠሯቸውን አብያተ መንግሥታት፣ አዳራሾችና አብያተ ክርስቲያናት የያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከግቢው ውጪ የሚገኘው የአጼ ፋሲለደስ መዋኛ ደግሞ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የጥምቀትን በዓል የሚያከብርበት ሥፍራ ነው።

የዚህ ግቢ ታሪክ ግን የግብርና የበዓል ታሪክ ብቻ አይደለም። ታላቁ አጼ ኢያሱ እ.ኤ.አ በ1706 ተገደሉ፤ ልጃቸው አጼ ተክለ ሃይማኖትም ከሁለት ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ሁኔታ ሕይወታቸው አለፈ። እ.ኤ.አ በ1769 ደግሞ አጼ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ መገደላቸው የዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የደረሰው በቀጣዩ ዓመት ሲሆን፣ ያየውንና የሰማውን እ.ኤ.አ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ አስፍሯል።

ብሩስ እንደጻፈው ራስ ሚካኤል እ.ኤ.አ በ1770 ማብቂያ ላይ ዐመጸኞችን አስወግደው ወደ ጎንደር ሲመለሱ በከተማዋ ብዙ ሰዎች በሞት ተቀጡ። የተቀጡት ሰዎች አስከሬን እንዳይቀበር በመከልከሉ በአደባባይና በመንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። በዚህም ምክንያት ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱ ጅቦች ሌሊት ሌሊት ከተማዋን ሞሏት። ብሩስ ከቤተ መንግሥት አምሽቶ በሚወጣበት ጊዜ መኖሪያው ከግቢው ብዙ ሳይርቅና የታጠቁ ሰዎች አጅበውት እያለ፣ ጅቦቹ እግሩን እንዳይነክሱት ይሰጋ እንደነበር ተርኳል።

የጅቦቹ መምጣት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነበር። ሆኖም የከተማዋ ነዋሪዎች በወቅቱ የሰጡት ማብራሪያ ሌላ እንደነበር ይኸው ጸሐፊ መዝግቧል። ሌሊት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የሚርመሰመሱት ፍጥረታት እውነተኛ ጅቦች ሳይሆኑ፣ በአካባቢው ተራሮች የሚኖሩትና በዚያን ዘመን ፈላሻ እየተባሉ የሚጠሩት ቤተ እስራኤላውያን በአስማት ተለውጠው የሰው ሥጋ ሊበሉ የመጡ ናቸው ይባል ነበር። አስከሬን እንዳይቀበር ያዘዘው አካል በግልጽ እየታወቀ፣ ጥፋቱ በቦታው ባልነበሩና ራሳቸውን ለመከላከል አቅም ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ተላከከ።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ቤተ እስራኤላውያኑ ከዚያ ግቢ ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። የታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአናጺነትና በብረታ ብረት ሥራ የታወቁ ሲሆን፣ በነገሥታቱ የግንባታ ሥራዎችም ተሳትፈዋል፤ ከመካከላቸው ለአገልግሎታቸው መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ስለዚህ በግንቡ ጥላ ሥር በጅብነት የተጠረጠሩት ሰዎች ግንቡን በማቆም ድርሻ የነበራቸው ሙያተኞች ወገኖች ናቸው ማለት ነው።

ይህ እምነት በጎንደር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው "ቡዳ" ወይም "ጅብ የሚጋልብ" እየተባሉ ከጋብቻና ከማኅበራዊ ሕይወት ሲገለሉ ኖረዋል። ማረሻውን፣ ምጣዱንና ጋቢውን ከእጃቸው የሚቀበለው ገበሬ ሌሊቱን ግን ይፈራቸው ነበር። አጼ ምኒልክ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ሙያተኞችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ችግሩ የአገርን ዕድገት የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን የሸክላ ሥራ መታወቂያ ሆና የኖረች ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ወገኖች እ.ኤ.አ በ1984 እና በ1991 የተካሄዱትን ዘመቻዎች ጨምሮ በተለያዩ ጊዜያት ወደ እስራኤል ሄደዋል። የፋሲል ግቢን የሚጎበኝ ሰው የነገሥታቱን ስም በየበሩ ሲሰማ የግንበኞቹ ነገር ሳይነሳ የሚያልፍ ከሆነ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ጥርጣሬው ያረፈው በእጅ ባለሙያዎች ላይ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ የጎጃም ልማድ ያሳያል። በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የትምህርት ማዕከል ሲሆን፣ ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ በ1958 ዓ.ም የታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" የተሰኘው ልብ ወለዳቸውም የዚህን አካባቢ ሕይወት ያንጸባርቃል። በእንዲህ ያሉ ደብሮች ቅኔ ሲዘርፉ፣ መጻሕፍትን ሲያመሰጥሩና ብራና ሲዳምጡ የኖሩ ሊቃውንት በሕዝቡ ዘንድ ከፍተኛ ክብር አላቸው። በአንጻሩ ደግሞ ደብተራው "ሙት ሳቢ"፣ "አጋንንት ጎታች" ወይም "ሥር ማሽ" እየተባለ በሹክሹክታ ሲታማ ኖሯል። ብሩህ አእምሮ ያለው ተማሪ ትጋቱ ተዘንግቶ "አብሾ ጠጥቶ ነው" መባሉም የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር ያመለክታል። ስለ መናፍስት የሚነገረው ወግ የሚበረታው ሐዘኑ ያልወጣለት ሞት ባለበትና ሌላው ሰው በውል ያልተረዳው ሙያ ባለበት ቦታ ነው። በጎንደር ሁለቱም ተገናኝተዋል። በዲማና በመሰል ደብሮች አካባቢ የሚነገረው ሐሜት ደግሞ የሁለተኛው ምክንያት ውጤት ነው።

በአዲስ አበባም ተመሳሳይ አጋጣሚ ተከስቷል። ተንቀሳቃሽ ፊልም በአጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ሲገባ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየት ለብዙዎች ከአስማት የሚለይ አልነበረም። በመሆኑም የመጀመሪያው የሲኒማ ማሳያ ቤት በሕዝቡ ዘንድ "ሰይጣን ቤት" የሚል ስያሜ ተሰጠው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የቴክኖሎጂውን አሠራር እየተረዳ ሲሄድ ፍርሃቱ ጠፋ፤ ሲኒማ የከተማዋ ነዋሪ ዋነኛ መዝናኛ ሆነ። ዛሬ "ሰይጣን ቤት" የሚለው ስም የሚነሳው በፈገግታ ነው። ለአስፈሪው ወግ መድኃኒቱ ክልከላ ሳይሆን ዕውቀት መሆኑን ይህ ምሳሌ በግልጽ ያስረዳል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። በጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ የሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ እ.ኤ.አ በ1929 የተሠራ ሕንጻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይ ጹዮሺ እ.ኤ.አ በ1932 በመኮንኖች የተገደሉት በዚሁ ሥፍራ ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ በተካሄደው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም እዚያው ደም ፈስሷል። በዚህ የተነሳ የወታደሮች መንፈስ ይታይበታል የሚለው ወሬ ለዘመናት ሲናፈስ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2013 አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ የምክር ቤት አባል ስለዚሁ ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ የአገሪቱ መንግሥት ስለተባለው ነገር የሚያውቀው እንደሌለ በጽሑፍ መልስ ሰጥቷል። ወሬው የመንግሥትን መዝገብ እስከ መግባት ቢደርስም፣ ሥር ያለው በሰነድ በተረጋገጠ የአደባባይ ግድያ ላይ መሆኑ አልተካደም።

በኢንዶኔዥያ ሰማራንግ ከተማ የሚገኘው "ላዋንግ ሴዉ" የተሰኘ ሕንጻም ተጠቃሽ ነው። በሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ዘመን እ.ኤ.አ ከ1904 ጀምሮ ለባቡር ኩባንያ ጽሕፈት ቤትነት የተሠራው ይህ ሕንጻ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በጃፓን ጦር ተይዞ ምድር ቤቱ የእስረኞች ማጎሪያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ በመቆየቱ በአገሪቱ በመናፍስት ወሬ ከታወቁት ቤቶች አንዱ ሆነ። የአገሪቱ የባቡር ድርጅት ሕንጻውን አሳድሶ እ.ኤ.አ በ2011 ለሕዝብ ከፍቶታል፤ አሁን የባቡር ታሪክ የሚቀርብበት ሙዚየምና የዐውደ ርዕይ ሥፍራ ነው። ወሬውን ሰምቶ የሚመጣው ጎብኚ ከእውነተኛው የእስረኞች ታሪክ ጋር የሚተዋወቅበት መንገድ ተፈጥሯል።

በአገራችንም የዚህ ዓይነቱ አያያዝ አርአያ አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በተካሄደው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ በርካታ ባለሥልጣናት ተገድለዋል። አጼ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ ድርጊት በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት የሚገኙበት ሲሆን፣ በግቢው ያለው የራስ መኮንን አዳራሽም የጉባኤና የውይይት ሥፍራ ነው። የሟቾቹ ስምና የአሟሟታቸው ሁኔታ በታሪክ መጻሕፍት በዝርዝር ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ስለ ቤቱ መጠየቅ የፈለገ ሰው መልሱን ከሰነድ ማግኘት ይችላል።

ከታሪኩ ባሻገር የሕንጻዎቹን ተፈጥሮ ማወቅም ያስፈልጋል። በአሮጌ ቤት ውስጥ ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ምክንያት አለው። ቀን በፀሐይ የሰፋ የጣውላ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እየተሰበሰበ ይንቋቋል፤ ይህም የሰው ኮቴ ይመስላል። በግንብ ሰቀላ ውስጥ የሚያድሩ የሌሊት ወፎችና ጉጉቶች፣ በጠባብ መስኮት የሚያፏጭ ነፋስም እንዲሁ። በእንቅልፍና በመንቃት መካከል ሰውነት አልታዘዝ ብሎ ደረት ላይ የሚጫን ነገር ያለ የሚመስልበት፣ በአማርኛ "ዱካክ" የምንለው ሁኔታም በሕክምና የታወቀና እንቅልፍ ያጣ ወይም በፈረቃ የሚሠራ ሰውን በይበልጥ የሚያጠቃ ነው። የሌሊት ጥበቃ ሠራተኞች የሚናገሩት ነገር በውሸትነት ሊፈረጅ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው የከሰል ጭስ ነው። እ.ኤ.አ በ1921 በአሜሪካ በሚታተም የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ኮቴ እየሰሙና ጥላ እያዩ ራስ ምታት ሲያሠቃያቸው የነበሩ ቤተሰቦችን ጉዳይ ይገልጻል። ምክንያቱ ሲመረመር የተገኘው ከተበላሸ የቤት ማሞቂያ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ሽታም ሆነ ቀለም የለውም። በአገራችን መስኮታቸው ጠባብ በሆኑ ጥንታዊ አዳራሾች ውስጥ ለቡና ሥርዓትና ለብርድ መከላከያ ከሰል በሚነድበት ጊዜ "ቤቱ ከብዶናል" የሚል እንግዳ ቢኖር፣ ቅድሚያ ሊደረግ የሚገባው ምድጃውን አውጥቶ በርና መስኮቱን መክፈት ነው።

ስለ መናፍስት የሚነገረው ወግ ከዚህ ሁሉ በኋላም ዋጋ አለው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግዙፍነት የሌላቸው ቅርሶችንም ያካተተ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ በዩኔስኮ የወጣውን የ2003 ስምምነት እ.ኤ.አ በ2006 አጽድቃለች። በሌላ በኩል የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የማንኛውንም ሰው ክብርና መልካም ስም፣ አንቀጽ 25 ደግሞ የሰዎችን እኩልነት ይደነግጋሉ። አንዱ ወጉ እንዲሰበሰብ፣ ሌላው በወጉ ሰበብ ማንም እንዳይዋረድ ያዝዛል። ሁለቱን ማጣጣም የአስፈጻሚው ኃላፊነት ነው።

በተግባር ሲታይ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። የወረዳና የከተማ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ከአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ከካህናትና ከቆዩ የጥበቃ ሠራተኞች ወጉን ሲሰበስቡ ማን፣ መቼና የት እንደተናገረው አብረው መመዝገብ ይኖርባቸዋል። አስጎብኚው በሰነድ የተረጋገጠውን "ተደረገ"፣ በወግ የሚነገረውን "ይባላል" ብሎ ለይቶ ማቅረብ አለበት። ወጉ አንድን ብሔረሰብ፣ የሃይማኖት ተከታይ ወይም የሙያ ዘርፍ በጅብነት፣ በቡዳነት ወይም በአስማተኛነት የሚፈርጅ ሲሆን ደግሞ፣ ፍረጃው እንዴት እንደተፈጠረና በማን ላይ ምን ጉዳት እንዳደረሰ ሳይብራራ ለመዝናኛነት ሊቀርብ አይገባም።

በደብረ ማርቆስ የሚገኘው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥትም ሆነ የጎንደር አብያተ መንግሥታት፣ እንዲሁም በየአውራጃው የቆሙት የመኳንንት ቤቶች፣ በቀጣይ ጊዜያት ብዙ እንግዳ ማስተናገዳቸው አይቀርም። ሲመሽ ስለ ቤቱ መጠየቅም የእንግዳ ወግ ነው። ለእንግዳው ከሚነገረው መካከል የነገሥታቱ ስም፣ ሳይቀበሩ የቀሩት ሟቾች ጉዳይና ድንጋዩን የጠረቡት ሙያተኞች ድርሻ በተገቢው ሥፍራ ከገቡ ወጉ ጣዕሙን ሳያጣ ይቀጥላል፤ ማንንም ሳይጎዳ ለሚመጣው ትውልድ ይተላለፋል።